የበግ ጠጉር ፈትል በኢትዮጵያ

የበግ ጠጉር ፈትል፣ ከበግ ላይ የተሸለተ ጠጉር ተፍታትቶና ተነድፎ በእንዝርት ክር የሚሆንበት የእጅ ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ፈትል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጥጥ ነው። ጥጥ በማይበቅልበት፣ ገብስ በሚዘራበትና ሌሊቱን ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ግን ሰውን ከብርድ ሲያድን የኖረው የበግ ጠጉር ነው። ሙያው ከሁሉም ይልቅ የሚታወቀው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ነው። ፈታይዋ የቱንም ያህል ባለሙያ ብትሆን ከእንዝርቷ የሚወጣው ክር ቅጥነቱም፣ ልስላሴውም፣ ቀለሙም አስቀድሞ በበጉ ዝርያ የተወሰነ ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት የአገሪቱን በጎች በ9 ዝርያዎችና በ14 የአካባቢ ዓይነቶች መድቧቸዋል። ለፈታይ ከዚህ ሁሉ ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ በጉ የሚፈተል ጠጉር አለው ወይስ የለውም? የመንዝ፣ የወሎ፣ የሰቆጣ፣ የፋርጣና የአርሲ ባሌ በጎች ሸካራም ቢሆን የሚፈተል ጠጉር አላቸው። የጎጃሙ ዋሸራ፣ የቦንጋ፣ የሆሮ፣ የአፋርና የሱማሌ በጎች ግን ገላቸው በአጭር ፀጉር ብቻ የተሸፈነ ነው።

ለምሳሌ የምሥራቋ ከተማ ድሬዳዋ ያለችው በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት፤ በዙሪያዋ ባለው አገር የሚረባውም ገላው ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር የሆነው የሱማሌ በግ ነው። ፀጉሩ አጭር፣ ቀጥ ያለና ከቆዳው ጋር የተለጠፈ ነው። እንዝርት ላይ ቢሞከር እርስ በርሱ የሚያያዝበት ጥቅልል ስለሌለው ሳይከር ተንሸራትቶ ይወጣል። የከተማዋ የፈትል ስምም የተገነባው በጥጥ፣ በአሮጌው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ የጠጉር ክር የሚፈልግ ሰው ከደጋው ወይም ከባሕር ማዶ ከማስመጣት በቀር አማራጭ የለውም። የቆላው በግ ግን ጠጉር ነሣ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ጠጉራም በግ ቆዳው ውስጥ የጠጉር ሥሮቹ ብዙና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ቆዳው ሲለፋ ይሳሳል፤ ፀጉሩ አጭር የሆነው በግ ቆዳ ደግሞ ጥብቅና ጠንካራ ነው። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ለእጅ ጓንት የሚመረጠው በዚህ ጠባዩ ነው።

የመንዝ በግ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ብርድንና የግጦሽ እጥረትን የሚችል በግ ነው። የሚረባበት አገር በአብዛኛው ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ወደ ጓሳ ሲወጣ 3,200 ሜትር ያልፋል። ጠጉሩ ሁለት ዓይነት ነው። ከውጭ ረጅምና ወፍራም፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ። የውጪው ዝናቡን ያንሸራትታል፤ የሥረኛው ሙቀት ይይዛል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ የሚሰበርና ቀለም የማይቀበል ጭገር አለ፤ ተለብሶ ገላ የሚወጋው ይህ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በስፔን ተራብቶ በአውስትራሊያ የገነነው የሜሪኖ በግ ጠጉር ውፍረቱ ባብዛኛው ከ25 ማይክሮን በታች ስለሆነ ከውስጥ የሚለበስ ሹራብ ይወጣዋል። የመንዙ ክር ለዚያ አይሆንም። ለብርድ ልብስ፣ ለካባና ለምንጣፍ ግን ሸካራነቱ ራሱ ጥንካሬው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሽለታው ነው። ጠጉሩ በስለት ወይም በመቀስ ከተሸለተ በኋላ ጥቁሩ፣ ነጩና ቡናማው ለየብቻ ይከመራል፤ እሾኩና ድርቆሹ በእጅ ይለቀማል። በጉ ከቆዳው የሚያመነጨው ስብ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ጠጉሩ ደርቆ እየተቆራረጠ ያስቸግራል፤ ጥቂት ሲቀርበት ግን ከጣት ላይ ሳይጣበቅ ይሳባል። ቀጥሎ ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ክምሩ ውስጥ ገብቶ ሲነዘር የተቋጠረው ጠጉር ይፈታል፣ አቧራው ይረግፋል፣ ክምሩም አየር ይዞ ያብጣል። ከዚያ ፈታይዋ የተነደፈውን በግራ እጇ ይዛ ጫፉን ከእንዝርቱ ጋር ታያይዛለች፤ እንዝርቱን በቀኝ እጇ አሹራ ትለቀዋለች። ዋናው ጥበብ ያለው በግራ እጇ ጣቶች ነው። ጠጉሩን የምትለቀው እየቆነጠረች ነውና ብዙ ከለቀቀች ክሩ ያብጣል፣ ቶሎ ከያዘች ይበጠሳል። ረጅሙ ጠጉር በጥቂት ክረት ይያዛል፤ አጭሩ የሥረኛ ጠጉር ግን ብዙ ክረት ካላገኘ ይፈታል። ሁለቱን አስማምቶ በአንድ ክር ማስኬድ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል፤ ሙያው ከጥጥ ፈትል ያነሰ ተደርጎ መታየቱም በእኔ እምነት ፍርደ ገምድልነት ነው። የተፈተለው በልቃቂት ተጠቅልሎ ለሸማኔ ይሰጣል። በልማድ መፍተሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነው።

ከዚህ ክር ባናና ዝተት ይሠራል፤ ሁለቱም ወፍራም የመኝታና የትከሻ ልብስ ናቸው። በሸማኔው ዕቃ ላይ ጠበብ ብሎ የሚወጣው ጨርቅ ጎን ለጎን ተገጥሞ ይሰፋል። ጥቁሩ በርኖስ የክብር ካባ ነበር፤ ሸካራው ማቅ ደግሞ የመናኝና የሐዘንተኛ ልብስ። ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ሙቀት ስለማይነሣ፣ በጉምና በዝናብ የሚውለው እረኛ ባናውን በቀላሉ አይተውም።

ይህን ሸካራ ጠጉር ለማሻሻል ታስቦ በ1967 እ.ኤ.አ. የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያና ማባዣ ማዕከል ተቋቋመ፤ በመንዝም የአመድ ጉያ ማዕከል ተከተለው። ከኒውዚላንድ የተገኘው ኮሪዴል፣ የእንግሊዞቹ ሮምኒና ሃምፕሻየር፣ በኋላም የመካከለኛው ምሥራቁ አዋሲ ከአገሬው በግ ጋር ተዳቀሉ። የኮሪዴል ጠጉር ከመንዙ የላቀ እንደሆነ አያከራክርም። ገበሬው ግን ላት የሌለውን ዲቃላ አልተቀበለውም፤ ላት በገበያ የበግ ዋጋ ነው፣ በቤት ደግሞ ስብ። አዋሲ የተሻለ ተቀባይነት ያገኘው ላታም ስለሆነና መልኩም ለአገሬው በግ ስለሚቀርብ ነው። የእሱም ጠጉር የምንጣፍ ጠጉር ስለሆነ ከመንዝ ፈታይ እጅ ጋር አይጣላም። በዚያው በደብረ ብርሃን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተከፈተው የብርድ ልብስ ፋብሪካ በበኩሉ የመኪና ሥራ የሆነውን ብርድ ልብስ ወደ ደጋው አስገባ፤ ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው የፋብሪካ ብርድ ልብስ የባናን ገበያ እጅግ አጥብቦታል።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በመንዝ በማኅበረሰብ የሚመራ የእርባታ ፕሮግራም አለ። መራቢያ አውራዎች የሚመረጡት በአገሬው በግ መካከል ነው፣ አርቢዎቹም በምርጫው ይሳተፋሉ። ገበሬው ሲመርጥ የሰውነት ግዝፈትን፣ የላትን ቅርጽና መልክን ያያል። በገበያ ነጭ፣ ቀይና ቡናማ በግ ይወደዳል፤ ጥቁር በግ ግን ለበዓልና ለስለት የሚፈልገው ስለሚያንስ ዋጋው ዝቅ ይላል። በርኖስ ያለ ቀለም፣ በተፈጥሮ ጥቁረቱ የሚሠራው ከዚሁ በግ ነው። ጥቁሩ አውራ ከመንጋው እየወጣ በሄደ መጠን ፈታይዋ ጥቁር ጠጉር ለማግኘት ከጎረቤት መለመን ወይም ነጩን ቀለም መንከር ይጠበቅባታል፤ ያ ጭገር ደግሞ ቀለም አይቀበልም።