ጥንታዊና የመካከለኛ ዘመን ታሪክን ለድሬዳዋ ተማሪዎች እንዴት እናስተምር?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ድሬዳዋ ውስጥ አንድን የ9ኛ ክፍል ተማሪ «የአካባቢህ ታሪክ ከመቼ ይጀምራል?» ብንለው ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «ከባቡሩ» የሚል ነው። ስለ ከተማዋ ከሆነ ልክ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚራና መጋላም በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ አደጉ። ስለ ምድሩ ከሆነ ግን መልሱ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይሳሳታል። ልጁ በታሪክ መጽሐፉ ስለ ድንጋይ ዘመን፣ ስለ ጥንታዊ ንግድና ስለ ሱልጣኔቶች ሲያነብ ሁሉም ነገር ሌላ አገር የተፈጸመ ይመስለዋል። ማስረጃው ግን ከቤቱ በታክሲ የሚደረስበት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለመድረሳ ኡስታዞችና ለወላጆች ነው። ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመተ ምህረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ችግር ቋንቋ ነው። በድሬዳዋ ልጆች በታችኛው ክፍል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ይማራሉ። 9ኛ ክፍል ሲገቡ የታሪክ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ልጁ አዲሱን ቃል ሲፈታ ታሪኩ ያመልጠዋል። ስለዚህ መምህሩ የምዕራፉን ፍሬ ነገር በመጀመሪያ ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ ቢተርከው፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ቢገባ ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር መራራቅ ነው። ሜሶፖታሚያ፣ ግብፅ፣ ሮም፣ አክሱም እየተባለ ዝርዝሩ ይሄዳል፤ ልጁ ለፈተና ይሸመድደውና ይረሳዋል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ በጥንቃቄ ካልቀረበ ወደ «እናንተ» እና «እኛ» ይለወጣል። በአንድ ወንበር የተቀመጡ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች የ500 ዓመት ጦርነት ወራሾች ሆነው ይተያያሉ። ሙስሊሙ ልጅ ደግሞ ራሱን በመጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው በጦርነት ምዕራፍ ብቻ ከሆነ፣ ወገኖቹ በዚህች አገር ነግደው፣ አስተምረው፣ ከተማ ሠርተው የኖሩ መሆናቸውን ሳያውቅ ያድጋል።

ከቅርብ እንጀምር፦ ዋሻዎቹ

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ገደል ላይ የሚገኝ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ ፈረንሳይኛ ሲሆን ጃርት ማለት ነው። ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1929 ለዓለም አስተዋወቁት፤ በ1933 በተደረገው ቁፋሮም የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንት ቁራጭ ተገኘ። ከዋሻው የወጡት የድንጋይ መሣሪያዎች የመካከለኛው ድንጋይ ዘመን ናቸው። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በዋሻው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው አፈርና ድንጋይ እየፈጩ ይጠቀሙ ነበር፤ ተመራማሪዎች ያጠኑት የዚህ ቀለም ክምችት 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ደግሞ ለጋ ኦዳ የሚባለው ዋሻ አለ። በግድግዳው ላይ የከብቶች፣ የሰዎችና የሌሎች እንስሳት ሥዕሎች ይታያሉ።

ለክፍል የሚሆነው ጥያቄ ቀላል ነው፦ «ጽሕፈት በሌለበት ዘመን ስለኖረ ሰው እንዴት እናውቃለን?» ልጆቹ ከድንጋዩ፣ ከቀለሙና ከሥዕሉ ተነስተው ሰዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ምን ያረቡ እንደነበር ራሳቸው ይገምቱ። ታሪክ ማለት ማስረጃን ማንበብ መሆኑን የሚረዱት በዚህ መንገድ ነው።

አክሱምና ነጃሺ፦ መድረሳና ትምህርት ቤት የሚገናኙበት

በመድረሳ ልጁ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ ሲማር በ615 የመጀመሪያው ስደት ወደ ሐበሻ መደረጉን ያውቃል። ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው ሩቂያ (ረ.ዐ.)፣ ኋላም ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) መምጣታቸውን ይማራል። በትምህርት ቤት ደግሞ ስለ አክሱም መንግሥት ይማራል። ሁለቱ አንድ አገርና አንድ ዘመን መሆናቸውን ግን የሚነግረው ሰው ላያገኝ ይችላል።

ይህን ማያያዝ የመምህሩም የኡስታዙም ሥራ ነው። ሶሐቦች ለምን ወደ ሐበሻ ሄዱ? በመካና በአክሱም መካከል ቀድሞ የነበረ ንግድ ስለነበር መንገዱን ያውቁት ነበር። አክሱም በቀይ ባሕር በኩል የምትነግድ፣ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የራሷን ገንዘብ ያተመች አገር ነበረች። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ተተካ። የሁለቱን ሳንቲሞች ሥዕል ሰሌዳ ላይ ሠርቶ «ምን ተለወጠ? ለምን?» ማለት ብቻውን ጥሩ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር እንጠንቀቅ። የነጃሺን መስለም በመድረሳ እንደ እምነታችን እናስተምራለን፤ በሞታቸው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሩቅ ሶላት እንደሰገዱላቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተመዝግቧል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ግን የሌላ እምነት ልጆችም አሉ። እዚያ «የእስልምና ምንጮች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ማቅረብ ተገቢ ነው። ሁሉም ልጅ ሊስማማበት የሚችለውና ሊኮራበት የሚገባው ጉዳይ ደግሞ ግልጽ ነው፦ የተሳደደ እንግዳ ፍትሕ ያገኘው እዚህ አገር ነው።

ሐርላ፦ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ገበያ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው አቅጣጫ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሐርላ የሚባል መንደር አለ። የአካባቢው ሰዎች በሚያዩዋቸው ግዙፍ የግንብ ድንጋዮች ምክንያት «ቦታው የግዙፋን ሰዎች ከተማ ነበር» ይሉ ነበር። ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ባደረጉት ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የሙስሊሞች መቃብርና የጌጣ ጌጥ መሥሪያ ቦታ አግኝተዋል። ከሕንድ የመጡ ዶቃዎች፣ የቻይና ሸክላ፣ የግብፅ ሳንቲሞችም ወጥተዋል። የመስጊዱ አሠራር ከታንዛኒያና ከሶማሌላንድ ጥንታዊ መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። የተቀበሩት ሰዎች ግን እንደ እኛ ያሉ ሰዎች እንጂ ግዙፋን አልነበሩም።

ይህን ለማስተማር ቀፊራን ወይም ታይዋን ገበያን መጥራት ይበቃል። «ታይዋን ያለው ዕቃ ከየት መጣ?» ብለን ስንጠይቅ ልጆቹ «ከቻይና፣ ከዱባይ፣ በጅቡቲ በኩል» ይላሉ። ከ800 ዓመት በፊትም የሐርላ ነጋዴ ከሕንድና ከቻይና የመጣ ዕቃ በዘይላዕ በኩል ባሕር ተሻግሮ ይደርሰው ነበር። ወደቡ ከዘይላዕ ወደ ጅቡቲ ተቀየረ፤ የግመሉን ሥራ ባቡርና መኪና ወሰዱት። ድሬዳዋ የንግድ ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አለመሆኑን ልጁ ያኔ ይገባዋል።

ልጆችን ወደ ሐርላ የሚወስድ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይንገራቸው፦ ድንጋይም ሆነ ዶቃ አንስቶ ኪስ ውስጥ መክተት ክልክል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ከቦታው የተነሳ ዶቃ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ስለማይታወቅ ለታሪክ ማስረጃነቱ ይጠፋል።

ሱልጣኔቶቹን በካርታ

የሱልጣኖች ስም ዝርዝር ልጅን ያደክማል፤ ካርታ ግን ያግዛል። ዘይላዕን፣ ሐረርን፣ ኢፋትንና ሸዋን አሥምረን የንግድ መንገዱን በቀለም እናገናኛቸው። የሸዋ ሱልጣኔት በ1285 በወላስማዎች መጠቃለሉን፣ ኢፋት በዚያ መንገድ ላይ መነሳቱን፣ ከዚያም አዳል መተካቱን፣ በ1520 ሐረር የአዳል መቀመጫ መሆኗን በመንገዱ ላይ እናሳይ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ የተባለው ጸሐፊ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን መዝግቧል፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ። ኢብኑ በጡጣም በዚያው ክፍለ ዘመን ዘይላዕን አይቶ ጽፏል።

የቻለ ልጆቹን ሐረር ጁገል ይውሰዳቸው። በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከተማ 82 መስጊዶች አሏት፤ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው።

የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት

ይህ ምዕራፍ ሊዘለል አይገባም። መምህሩ ቢዘለው ልጁ ከመንገድና ከማኅበራዊ ሚዲያ ይማረዋል። ልናደርጋቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ስም። «ግራኝ» ማለት ግራ እጁን የሚጠቀም ማለት ነው፤ ሶማሌዎችም በዚያው ትርጉም «ጉሬይ» ይሉታል። ቅጽሉን እናስረዳ፤ በክፍል ውስጥ ግን ሰውየውን በስሙ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም እንበለው። የሌላውንም ወገን ነገሥታት በክብር እንጥራ።

ሁለተኛ፣ መንስኤ። ሽምብራ ኩሬ በ1529 ከመድረሱ በፊት በንግድ መንገድ፣ በግብርና በድንበር ላይ ከ200 ዓመት ያላነሰ ሽኩቻ ነበር። ሃይማኖት ሠራዊት አሰልፏል፤ ብቸኛው ምክንያት ግን አልነበረም።

ሦስተኛ፣ የውጭ እጅ። ኦቶማኖች ለኢማሙ ባለጠመንጃዎችን ሰጡ፤ በ1541 ደግሞ 400 ያህል ፖርቹጋላውያን ለክርስቲያኑ መንግሥት ሊዋጉ መጡ። ኢማሙ በ1543 ተገደለ። በ1559 ደግሞ አፄ ገላውዴዎስ ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጋ ሞተ። ሁለቱም ወገን ተዳክሞ ወጣ።

አራተኛ፣ የሰላሙ ዘመን። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበረች። ጋብቻና ንግድ በጦርነት መካከልም ይቀጥሉ ነበር። ጦርነቱ ምዕራፉን ቢሞላውም የሰዉን ኑሮ በሙሉ አልሞላውም።

ሰነድን መመርመር

የመድረሳ ልጆች ሌሎች የሌላቸው ስንቅ አላቸው። በሐዲስ ትምህርት ሰነድና መትን መለየትን ያውቃሉ፦ ማን ነገረን? ከማን ሰማ? ታማኝ ነውን? ይህንኑ ወደ ታሪክ ክፍል እናምጣው። የኢማሙን ዘመቻ የሚተርከውን ፉቱሕ አል-ሐበሻን የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የኢማሙ ወገን ነበር። የአፄ ገላውዴዎስን ዜና መዋዕል በግዕዝ የጻፈው ሰው የንጉሡ ወገን ነበር። የፖርቹጋሉ ካስታንዮሶ ከፖርቹጋል ወታደሮች ጋር የዘመተ ነው። ልጆቹ ስለ ጦርነቱ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «የት ይስማማሉ? የት ይለያያሉ? ቁጥሩን ማን አጋነነ?» ብለው ይጠይቁ። ኢብኑ ኸልዱን በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ ውስጥ ታሪክ ጸሐፊዎች የሠራዊት ቁጥር እንደሚያጋንኑ ተችቷል። ዜናን እንድናጣራ የታዘዝነው ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ነው። ትእዛዙ የወገናችንን ወሬ ከማጣራት ነፃ አያደርገንም።

ሦስቱ አቆጣጠሮች

የድሬዳዋ ሙስሊም ልጅ ሦስት የዘመን አቆጣጠሮች ይገጥሙታል፦ በመድረሳ ሂጅሪ፣ በቤት የኢትዮጵያ፣ በመጽሐፍ የአውሮፓ። ካልተገለጸለት ሁሉም ይደባለቅበታል። ለግምት የሚበቃው ስሌት ይህ ነው፦ የሂጅሪውን ዓመት በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር የአውሮፓውን ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ 7 ወይም 8 መቀነስ የኢትዮጵያውን ይሰጣል። ለምሳሌ 935 ሂጅሪ በ0.97 ሲባዛ 907 ገደማ ነው፤ 622 ሲደመር 1529 ይሆናል። ይህም የሽምብራ ኩሬ ዓመት ነው፤ ውጊያው በመጋቢት ስለነበር በእኛ አቆጣጠር 1521 ይሆናል። ሦስቱን በሦስት ረድፍ የያዘ የጊዜ መስመር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

ወላጆችና ኡስታዞች ምን ያግዙ?

ወላጆች ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን በምን አወቁት?» ብለው ይጠይቁት። ሽማግሌ ያለበት ቤት ልጁ ደብተር ይዞ አያቱን ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ስማቸውንና ቀኑን ጽፎ ይመዝግብ። ኡስታዞች የሲራውን ትምህርት ሲያስተምሩ የአክሱምን ካርታ ይዘርጉ። የታሪክ መምህራን ደግሞ የሐረርና የሐርላን ጉዳይ ሲያስተምሩ በዐረብኛ ጽሑፍ ላይ ኡስታዞችን ያማክሩ።

እንዲህ የተማረ ልጅ ነገ አንድ ሰው ስለ ጎረቤቱ እምነት ክፉ ታሪክ ቢነግረው፣ ከመቆጣቱ በፊት «ማን ጻፈው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ራሱ ወገን የተጋነነ ታሪክ ቢሰማም እንዲሁ ያደርጋል። ከታሪክ ትምህርት የምንፈልገው ይህንን ነው።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው። ወላሁ አዕለም።