«አክብሮታዊ እንክብካቤ» ወይስ አክብሮ መያዝ?

ለሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች በሚዘጋጁ የሥልጠና ወረቀቶች ላይ «አክብሮታዊ እንክብካቤ» የሚል ሐረግ ብቅ ብቅ እያለ ነው። ሐሳቡስ መልካም ነው። ሕፃኑን ብድግ ከማድረግ በፊት «ላነሳህ ነው» ማለት፣ ሽንት ጨርቁን ሲቀይሩ እንደ ዕቃ አለማገላበጥ፣ ሲያጎርሱት የፊተኛውን እስኪውጥ መጠበቅ ነው። ሃንጋሪያዊቷ የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 ቡዳፔስት ውስጥ በከፈቱት ማሳደጊያ ሞግዚቶችን ያሠለጠኑት በዚሁ መንገድ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ካዘዘ ወዲህ ደግሞ ሥልጠናው ለእኛም የሚያስፈልግ ሆኗል። ቅር የሚያሰኘው ስሙ ነው።

«አክብሮት» በአማርኛ አቅጣጫ አለው፤ ከታናሽ ወደ ታላቅ ይሄዳል። ቃሉን የሰማች ሞግዚት አንድም ለስምንት ወር ሕፃን እጅ እንድትነሣ የታዘዘች ይመስላታል፣ አንድም ልጁን አሞላቅቂ የተባለች። «-አዊ» የምትለው ቅጥያ በ«መንፈሳዊ» እና በ«ሰማያዊ» ላይ ቤቷ ነች፤ ከትርጉም ሥራ ጋር ግን በየስሙ ጫፍ እየተለጠፈች ግሱን ሁሉ ታባርራለች። «እንክብካቤ»ም ቢሆን ዛሬ ለቆዳ፣ ለመኪና፣ ለችግኝ የሚነገር ሆኖ ሕፃኑን ከነዚህ አይለይም።

ወደ ግእዝ መሄድ የሚወዱ ሰዎች የሚያቀርቡት አማራጭ ይበልጥ ያጓጓል። መነሻቸው ዓረብኛ ነው፦ በካርቱም የሕፃናት ማቆያ «ሐዳና» ይባላል፤ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በከተማይቱ በሰው ቤት ልጅ ለሚያሳድጉ ሐበሾች የዕለት ቃል ነበር። የዓረብኛው ሥር «ሐደነ» ማቀፍ ሲሆን፣ ግእዙም እኅቱ አለው፦ «ሐፀነ» አሳደገ፣ ተንከባከበ፤ «ሕፅን» ዕቅፍ፤ «ሐፃኒት» ደግሞ አሳዳጊይቱ። በየቀኑ የምንለው «ሕፃን» ራሱ ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ ሞግዚትን «ሐፃኒት» ብንላት ቃሉ ከሕፃኑ ጋር ይዛመዳል፣ ከጎረቤታችን ቋንቋም ጋር። ያምራል፤ ግን ማንም እናት ማቆያ በር ላይ ቆማ «ሐፃኒቷን ጥሪልኝ» አትልም። «ሞግዚት» አለችን፤ በሕግ መጽሐፍም በቤትም ትታወቃለች፤ ትቆይ።

የእኔ ምርጫ «አክብሮ መያዝ» ነው። እንግዳን አክብሮ መያዝ ድሮም ያለ አነጋገር ነው፤ የተከበረው እንግዳ ሹም መሆን የለበትም፣ የመንገድ ሰውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አክብሮት» የሚያመጣው የማዕረግ ጣጣ እዚህ የለም። «መያዝ»ም የሕፃን ግስ ነው፤ እናት ለጎረቤቷ «ልጁን ያዢልኝ» የምትለው እጅንም አደራንም አንድ ላይ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረትም የሥልጠናውን ሁለት ምሰሶ፣ አፍንና እጅን፣ ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። ፒክለር አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ ከዚህ የተሻለ የክፍል ርእስ ባላገኙ ነበር።

«ፖሊስም ይይዛል» የሚል አይጠፋም። ይይዛል፤ «አክብሮ» ከፊቱ ሲገባ ግን ማንም አይሳሳትም። ሕፃንን ማክበር ከፈረንጅ የመጣ ነው ለሚለውም መልሱ ከቤታችን አይርቅም፦ ገና ያልዳኸውን ልጅ «አባቴ»፣ «እማዬ»፣ «የኔ ጌታ» የሚል ሕዝብ ክብሩን በቃል ሰጥቷል። የጎደለው አጠራሩ እጅ ላይ አለመድረሱ ነው፤ «የኔ ጌታ» እየተባለ አንድ ክንዱን ተይዞ የሚንጠለጠል ልጅ ጥቂት አይደለም። ከባድ የምለው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ እጅ በሌለበት ስለ አያያዝ ስም መከራከር ቅንጦት አይሆንም ወይ? የካርቱሙ ማይጎማ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ይህ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ አብዛኞቹ ሠራተኞች መድረስ ስላልቻሉ፣ በሳምንታት ውስጥ በርካታ ሕፃናት በረኀብ፣ በውኃ ጥምና በበሽታ ሞቱበት። በሰኔ መጀመሪያ በዩኒሴፍና በቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እርዳታ ወደ 300 የሚጠጉት ወደ ዋድ መዳኒ ተወሰዱ። እዚያ የጎደለው ቃል አልነበረም፣ ሰው ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን «እንክብካቤ» ያለ ሠራተኛም በወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል፤ «መያዝ» ግን ያዥ ይጠይቃል። «በዚህ ክፍል ስንቱን ሕፃን ስንት ሰው ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ ከቃሉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ በጀት የሚያጸድቀው ሰውም ሊያመልጠው አይችልም።

ሌላም ጥቅም አለው። ግስ ስለሆነ ይረባል፤ ባለቤትም አለው። ተቆጣጣሪዋ ማቆያ ገብታ «አክብራ ይዛዋለች» ወይም «አክብራ አልያዘችውም» ብላ በመዝገብ ልትጽፍ ትችላለች፤ ሞግዚቷም ምን እንዳጎደለች አስተርጓሚ ሳትፈልግ ትረዳለች። «አክብሮታዊ እንክብካቤ አልተደረገም» ሲባል ግን ያላደረገው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስም የግድ ለሚያስፈልገው የምስክር ወረቀት «ሕፃናትን አክብሮ የመያዝ ሥልጠና» ይበቃል።