የዘውድ ልደት የማን በዓል ነው?

ልደት ለተራው ሰው የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው። እናት ታስበዋለች፤ ወዳጅ ዘመድ ይጠራበታል፤ ሲመሽም ያልፋል። ዘውድ ለጫነ ወይም ሊጭን ለተወለደ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። የእርሱ ልደት መድፍ ይተኮስበታል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀልበታል፤ ወታደር ይሰለፍበታል፤ አንዳንድ ጊዜም መንግሥት ይወድቅበታል። በተለይም ዕድሜው ዐሥራ ስምንት፣ ኀምሳ ወይም ሰባ የሞላ እንደሆነ በዓሉ ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጥቶ የአገር ጉዳይ ይሆናል። ለዚህ የኔዘርላንድስ ሕዝብ ቋንቋ ጥሩ ምስክር ነው። በዚያ አገር ማንም ሰው፣ ጫማ ሰፊም ቢሆን፣ ዕድሜው ዐሥሮቹን የሚደፍንበት ዓመት «ክሮንያር»፣ ማለትም «የዘውድ ዓመት» ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የአውሮፓ ነገሥታት ቤተሰቦች ታላላቅ ልደቶቻቸውን እንዴት ሲያከብሩ እንደኖሩ ይመረምራል። የግብዣውን ድምቀትና የጌጡን ዓይነት መዘርዘር ዓላማው አይደለም። የሚከታተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በዓሉ በእውነቱ የማን ነው? የባለልደቱ ነውን? በዓሉን አቅደው ያዘጋጁት ሰዎች ነውን? ወይስ በአደባባይ ቆሞ የሚመለከተው ሕዝብ ነው? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ዕድሜ እንደ ሕግ

በጥንቱ ሥርዓት የንጉሥ ልደት ዋናው ፋይዳ ከደስታው ይልቅ ሕጉ ነበር። ዘውዱ በልጅ እጅ ሲወድቅ አገሪቱን በእንደራሴነት የሚያስተዳድር ሰው ይሾማል፤ የእንደራሴው ሥልጣን የሚያበቃውም ልጁ ለአካለ መጠን በሚደርስበት ልደት ነው። ስለዚህ በቤተ መንግሥት ዙሪያ የተሰለፉት ወገኖች ሁሉ፣ አንዱ እንዲፈጥን ሌላው እንዲዘገይ እየተመኘ፣ ያንን ቀን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በ1643 አባቱ ሲሞት ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ አን እንደራሴ ሆነች፤ ካርዲናል ማዛሬንም ዋና ሚኒስትሯ ሆኖ ሥልጣኑን ጨበጠ። በ1648 «ፍሮንድ» በሚል ስም የሚታወቀው ዐመፅ ፈነዳ። በፌብሩዋሪ 1651 አንድ ሌሊት የፓሪስ ሕዝብ ንጉሡን ከከተማው ሊያሸሹት ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባ፤ እናቱም ሰዎቹን ወደ መኝታ ቤቱ አስገብታ ልጁ በአልጋው ላይ መሆኑን በዓይናቸው እንዲያዩ ለማድረግ ተገደደች። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1651፣ ሉዊ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። የፈረንሳይ ሕግ ለንጉሥ አካለ መጠን ብሎ የወሰነው ዕድሜ ይህ ነበርና ከሁለት ቀን በኋላ በታላቅ ሰልፍ ወደ ፓሪስ ፓርላማ ሄዶ አገዛዙን በእጁ መያዙን አስታወቀ። ልዑል ኮንዴ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘም፤ ብዙም ሳይቆይ ጦር አነሣ። ይሁን እንጂ ያ ልደት የነገሩን ትርጉም ለውጦት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ዐመፀኛው «ጠቤ ከሚኒስትሩ ጋር ነው» ማለት ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያመፀ ሁሉ በራሱ በንጉሡ ላይ ያመፀ ሆነ።

በእንግሊዝም የአንድ ሽማግሌ ልደትና የአንዲት ወጣት ልደት የተጋጠሙበት ታሪክ አለ። ንጉሥ ዊልያም 4ኛ ሕጋዊ ወራሽ የሚሆን ልጅ ስላልነበረው ዙፋኑን የምትወርሰው የወንድሙ ልጅ ቪክቶሪያ ነበረች። እርሷ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ንጉሡ ቢሞት እንደራሴ የምትሆነው እናቷ የኬንት ዱቼስ ነበረች፤ ንጉሡ ደግሞ ይህችን ሴት አጥብቆ ይጠላ ነበር። በኦገስት 1836 ዊልያም 71ኛ ልደቱን በዊንዘር ሲያከብር መቶ ያህል እንግዶች በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። ዱቼሷ በአጠገቡ ሳለች ንጉሡ ተነሥቶ፣ ሥልጣኑ በእርሷ እጅ እንዳይወድቅ ዘጠኝ ወር ዕድሜ እንዲጨመርለት እንደሚመኝ በግልጽ ተናገረ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ግብዣውም በኀፍረት ተበተነ። ቪክቶሪያ ሜይ 24 ቀን 1837 ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላት፤ ንጉሡ ጁን 20 ቀን ሞተ። በሁለቱ ቀናት መካከል የነበረው ርቀት 27 ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌው የተመኘውን ዕድሜ አገኘ፤ እንደራሴነቱም ሳያስፈልግ ቀረ።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ውስጥ ሕዝቡ የሰልፍ ተመልካች ነው። ልደቱ የቤተ መንግሥቱ፣ ክርክሩም የመሳፍንቱ ነበር። ሕዝቡ የበዓሉ ባለድርሻ እንዲሆን የተፈለገው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።

በጋዜጣ የተወለደ በዓል

በ1885 የኔዘርላንድስ ዘውድ በአንድ ቀጭን ክር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሥ ቪለም 3ኛ አርጅተዋል፤ በሕዝብ ዘንድም ብዙ ፍቅር አልነበራቸውም። ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዷቸው ወንዶች ልጆች ሁሉ ሞተው አልቀዋል፤ የመጨረሻው የሞተው በ1884 ነው። የቀረችው ከሁለተኛ ሚስታቸው ከኤማ የተወለደችው ትንሿ ቪልሄልሚና ነበረች። አገሪቱ በበኩሏ በፕሮቴስታንትና በካቶሊክ፣ በወግ አጥባቂና በለዘብተኛ ተከፋፍላለች፤ የሶሻሊስቶችም ድምፅ በፋብሪካው ሰፈር መሰማት ጀምሯል።

በዚህ ጊዜ ገርላክ የተባለ የአንድ የኡትሬክት ጋዜጣ አዘጋጅ፣ የልዕልቲቱ ልደት የአንድነት በዓል ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ኦገስት 31 ቀን 1885፣ ቪልሄልሚና አምስት ዓመት ሲሞላት፣ የኡትሬክት ከተማ የመጀመሪያውን «የልዕልት ቀን» አከበረች። ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ቀኑ የትምህርት ቤት ዕረፍት መጨረሻ በመሆኑ በዓሉ የልጆች ጨዋታና የሰልፍ በዓል ሆነ። በ1890 ንጉሡ ሲሞቱ ስሙ ወደ «የንግሥት ቀን» ተለወጠ፤ ኤማም በእንደራሴነት ስታስተዳድር ቆይታ ኦገስት 31 ቀን 1898፣ ልጇ ዐሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ዕለት፣ ሥልጣኗን አስረከበች። ቪልሄልሚና በሴፕቴምበር 6 በአምስተርዳም ቃለ መሐላ ፈጸመች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ብዙ ሰው ይህን መሰል በዓል ከጥንት የወረደ ባህል ይመስለዋል። እንዲያውም የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ ያቀደው ሰው፣ የታቀደበት ምክንያትና የታወጀበት ቀን አለው። የአምስት ዓመቷ ልጅ ስለ ፓርቲዎች ክፍፍል የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን የተከፋፈለውን ሕዝብ ታስተሳስር ዘንድ ሸክሙ በእርሷ ላይ ተጫነ።

አበባና ቴሌግራም

የታቀደ በዓል ሁልጊዜ ባቀዱት ሰዎች እጅ አይቆይም። ይህን በግልጽ ያሳየው የ1940 ዓመት ነው።

በዚያ ዓመት በሜይ ወር የናዚ ጀርመን ጦር ኔዘርላንድስን ወረረ፤ ንግሥት ቪልሄልሚናም ወደ ለንደን ተሻገሩ። ጁን 29 የልጃቸው የዩሊያና ባል የልዑል በርንሃርት ልደት ነበር። ልዑሉ በኮታቸው ላይ ነጭ የካርኔሽን አበባ መሰካት ያዘወትሩ ስለነበር በዚያን ቀን በሄግና በሌሎች ከተሞች ብዙ ሰዎች ያንኑ አበባ በደረታቸው ላይ አድርገው ወጡ፤ በኖርድአይንደ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊትም የአበባ ክምር ተሠራ። ሃያ ዘጠነኛ ልደት ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ማንም ብዙ ትኩረት የማይሰጠው ቁጥር ነበር። ወራሪው ግን መልእክቱን አንብቦታል። የሄግ ከንቲባ ከሥልጣን ተሻሩ፤ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቪንክልማንም ተይዘው ወደ ጀርመን ተወሰዱ። ኦገስት 31 ቀን የንግሥቲቱ 60ኛ ልደት ሲደርስ በዓሉ የተከለከለ ነበር፤ እንግዲህ የብርቱካን ቀለም ያለው ጥብጣብ ማሰር ብቻውን የእምቢተኝነት ምልክት ሆነ።

በዴንማርክ ንጉሥ ክርስቲያን 10ኛ ከወረራው በኋላም በአገራቸው ቆዩ። በየጠዋቱ ያለ ጠባቂ በፈረስ ሆነው በኮፐንሃገን ጎዳናዎች ያልፉ ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1940 ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ጎዳናው በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ለዚሁ በዓል የንጉሡ ስም ምልክት የተቀረጸበት ትንሽ የብር ዓርማ ተሠርቶ ተሸጠ። ዓርማው ከልደቱ ዕለት በኋላም ከሰዎች ኮት ላይ አልወረደም፤ በወረራው ዘመን ሁሉ ያገር ፍቅር መለያ ሆኖ ተደረገ። የኪነ ጥበብ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል፤ ከጥፍር የማይበልጥ የብር ቁራጭ መፈክር ሳይጻፍበት መፈክር ሊሆን ይችላል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የዚያው ንጉሥ 72ኛ ልደት ሌላ ነገር አመጣ። ሂትለር ረጅም የመልካም ምኞት ቴሌግራም ላከ። ንጉሡ በጥቂት ቃላት «አመሰግናለሁ» የሚል መልስ ሰጡ። ሂትለር አጭርነቱን እንደ ስድብ ቆጥሮ በብርቱ ተቆጣ። የጀርመን መልእክተኛ ከኮፐንሃገን ተጠራ፤ የዴንማርክ መልእክተኛም ከበርሊን ተባረረ፤ በኖቬምበር 1942 የጠቅላይ ሚኒስትር ቡል መንግሥት ወርዶ በስካቬኒዩስ ተተካ፤ ወርነር ቤስት የተባለው የናዚ ባለሥልጣን የጀርመን የበላይ ተጠሪ ሆኖ መጣ። ለቁጣው ምክንያት ሲፈልግ ለቆየ ኀይል የልደት ምስጋና እንኳ ሰበብ ሊሆን እንደሚችል ታሪኩ ያስተምራል።

በደረጃው ላይና በደረጃው ሥር

ከጦርነቱ በኋላ በዓሉ ወደ ቤተሰብ መልክ ተመለሰ። ዩሊያና በ1948 ነገሡ፤ ከ1949 ጀምሮም «የንግሥት ቀን» ወደ እርሳቸው ልደት ወደ ኤፕሪል 30 ተዛወረ። ንግሥቲቱና ቤተሰባቸው በሱስትዳይክ ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ይቆማሉ፤ ሕዝቡም አበባና ስጦታ ይዞ ከፊታቸው ያልፋል። ቴሌቪዥን ሲመጣ ሥነ ሥርዓቱ በየቤቱ ገባ። አቀማመጡን ያየ ሰው ግን አይስተውም፤ አንዱ ወገን ቆሞ ይቀበላል፤ ሌላው ወገን አልፎ ይሰጣል።

ኤፕሪል 30 ቀን 1980 ዩሊያና በ71ኛ ልደታቸው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቤያትሪክስ አስረከቡ። ዕለቱ ደስታ ብቻ አልነበረም። በአምስተርዳም የመኖሪያ ቤት እጥረት ከፍቶ ወጣቶች ባዶ ሕንፃዎችን እየያዙ ይኖሩ ነበርና፣ «ቤት ከሌለ ዘውድ የለም» የሚል መፈክር አንሥተው ወጡ። ከፖሊስ ጋር በተደረገው ግጭት ከተማው በጭስ ተሸፈነ። ሕዝብን ለማስተሳሰር በ1885 የተፈጠረው በዓል በዚያን ዕለት የመለያየቱ አደባባይ ሆነ።

ቤያትሪክስ የራሳቸው ልደት በክረምት፣ በጃንዋሪ 31፣ በመዋሉ የእናታቸውን ቀን አላዛወሩም። ነገር ግን ደረጃውን ትተው በየዓመቱ ወደ ከተሞች ይወጡ ጀመር። ይህም የራሱን ዋጋ አስከፈለ፤ በ2009 በአፔልዶርን ከተማ አንድ ሰው መኪናውን ወደ ሕዝቡ ነድቶ ሰባት ተመልካቾችን ገደለ፤ እርሱም ሞተ። ከሕዝብ ጋር መቀራረብ የተፈለገበት በዓል ሐዘን ሆኖ ዋለ። ሆኖም ጉብኝቱ አልቀረም። በ2013 ቤያትሪክስ በ75 ዓመታቸው ዙፋኑን ለቀቁ፤ ከ2014 ወዲህም በዓሉ የልጃቸውን የቪለም አሌክሳንደርን ልደት ተከትሎ በኤፕሪል 27 ይከበራል። ንጉሡ በ2017 ኀምሳ ዓመት ሲሞላቸው 150 ዜጎችን በአምስተርዳም ቤተ መንግሥት እራት ጋበዙ። ከሱስትዳይክ ደረጃ ጋር ሲነጻጸር፣ ሰጪና ተቀባይ ቢያንስ ለአንድ ማታ ቦታ ተለዋወጡ።

ዐሥራ ስምንትና ሰማንያ

ዛሬም ዐሥራ ስምንተኛው ልደት ሕጋዊ ክብደቱን አላጣም። በስፔን ፊሊፔ በ1986፣ ልጃቸው ሌዮኖርም ኦክቶበር 31 ቀን 2023፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት በሞላቸው ዕለት በሕዝብ ተወካዮች ፊት ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ ለመሆን ምለዋል። ልጁ ሉዊ በ1651 ወደ ፓርላማው የሄደው ሥልጣኑን ሊነግር ነበር፤ የዛሬዎቹ የሚሄዱት ከሕግ በታች መሆናቸውን ሊምሉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሦስት መቶ ሰባ ዓመት ትግል ውጤት ነው።

የኔዘርላንድስ ልዕልት አማሊያ ዲሴምበር 7 ቀን 2021 ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ከዚያ ቀደም ብላ፣ ለአልጋ ወራሽ በዓመት የሚሰጠው 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ገንዘብ ለጊዜው እንዲቀርባት ጽፋ ነበርና ብዙዎች አመሰገኗት። ዳሩ ግን ዜጋው በኮቪድ ምክንያት ከአራት በላይ እንግዳ በቤቱ እንዳይቀበል በተነገረበት ሰሞን በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታ በተደረገው የልደት ግብዣ 21 ሰዎች መጠራታቸው ታወቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ በጻፉት ደብዳቤ ንጉሡ ነገሩ ትክክል አለመሆኑን መቀበላቸውን ገለጹ። ሕዝቡ የቆጠረው ኬኩን አይደለም፤ ወንበሩን ነው።

የዴንማርክ ንግሥት ማርግሬት 2ኛ የዚያ የባለፈረሱ ንጉሥ የልጅ ልጅ ናቸው። የተወለዱት ኤፕሪል 16 ቀን 1940፣ ወረራው በተፈጸመ በሰባተኛው ቀን ነው። በ2010 ሰባ ዓመት ሲሞላቸው የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ ሰማዩን ሸፍኖ አውሮፕላን ስለከለከለ ከነገሥታት እንግዶቻቸው ብዙዎቹ በየአገራቸው ቀሩ። በ2020 ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ ወረርሽኙ በዓሉን ሙሉ በሙሉ አስቀረው። ንግሥቲቱ ከበዓሉ አስቀድመው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ሊሰጧቸው ያሰቡትን አበባ ብቻቸውን ለቀሩ አረጋውያን እንዲሰጡላቸው። በልደቱ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ሰዎች በየቤታቸው መስኮትና ሰገነት ቆመው ዘመሩ። ማርግሬት በጃንዋሪ 2024 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀዋል።

ከሉዊ እስከ ማርግሬት ያለውን መንገድ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። በዓልን ማወጅ የባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ትርጉም የሚሰጠው ግን የሚሳተፈው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ በአበባ ወራሪን ተናገረበት፤ በመፈክር ቤት ጠየቀበት፤ እንግዳ ቆጥሮ እኩልነትን ጠየቀበት። ስለዚህ መምህሩ ስለ ነገሥታት በዓል ሲያስተምር፣ ሠዓሊውም ሲሥል፣ ሰገነቱን ብቻ አይመልከት። በሰገነቱ ሥር የቆመው ሰው በደረቱ ላይ ምን እንደሰካ፣ በእጁ የያዘውንም አበባ ለማን እንደሚሰጥ ይመልከት።