ጆሮ የሚሸፍነው ሄድፎን ከየት መጣ?

ብዙ ወላጆች «ለልጄ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኤርፎን ይሻላል ወይስ ጆሮውን በሙሉ የሚሸፍነው ሄድፎን?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ትልቁ ሄድፎን ጆሮን ስለሚያፍን የባሰ የሚጎዳ ይመስላችኋል። ዕቃው ለምን እንደተሠራ ከታወቀ መልሱ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ላውራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቅርባችን፣ ከወለቃ ልጀምር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ መንገድ ዳር ሸክላ ተደርድሮ የምታዩበት መንደር ነው። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በእጅ ሥራቸው የታወቁ ናቸው፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ፣ ወንዶቹ ሸማ ይሸምኑና ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። የገበሬው ማረሻና ማጭድ ከእነሱ እጅ ነበር የሚወጣው። ከማኅበረሰቡ ብዙዎቹ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ሄዱ። በዘመቻ ሰለሞን ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ።

አሁን የቀጥቃጩን ሥራ በሐኪም ዓይን እንየው። ወናፉ ከሰሉን ያግላል፣ ብረቱ ይቀላል፣ መስፍ ላይ ይቀመጣል፣ መዶሻ ያርፍበታል። ጆሮው ከመስፉ ያለው ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ብረት ብረትን ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። ጆሯችን ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የሚኮማተር ትንሽ ጡንቻ አለው፤ ነገር ግን የመዶሻ ምት ድንገተኛ ስለሆነ ጡንቻው ሳይደርስ ድምፁ ወደ ውስጥ ያልፋል። ድሮ ሰው ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» እያለ ይፈራው ነበር። ሲጎዳ የኖረው ግን የራሱ የቀጥቃጩ ጆሮ ነው።

ይህን ጉዳት በጽሑፍ ያሰፈሩት የአውሮፓ ሐኪሞች ናቸው፤ ማስረጃቸውም የዚሁ ሙያ ሰዎች ነበሩ። ጣሊያናዊው በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1713 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ የቬኒስ መዳብ ቀጥቃጮች ቀስ በቀስ እየደነቆሩ እንደሚያረጁ ጻፈ። በ1831 እንግሊዛዊው ጆን ፎስብሮክ ስለ ብረት ቀጥቃጮች መደንቆር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። በ1886 ደግሞ የግላስጎው ሐኪም ቶማስ ባር የእንፋሎት ማሞቂያ ጋን የሚሠሩ 100 ሠራተኞችን መርምሮ ጤነኛ መስማት ያለው አንድም አላገኘም። ልብ በሉ፣ አንድም!

ምክንያቱ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ነው። እዚያ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ፣ ጫፋቸው እንደ ፀጉር የሆነ 15 ሺህ ያህል ሕዋሳት አሉ። ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ስለሆኑ ሰውየው «እሰማለሁ፣ ግን ንግግሩ አይለይልኝም» ይላል። ይህን ቅሬታ ዛሬ ከሃያ ዓመት ወጣት ስትሰሙ አትለፉት።

ሄድፎን ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት በቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ጆሮ የሚይዝ ማዳመጫ ሠርቶ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ላከ። ባሕር ኃይሉ የፈለገው ሙዚቃ አልነበረም፤ በመርከብ ጫጫታ መሐል ደካማ የሬዲዮ ምልክት መስማት ነበር። ቀጥሎም አብራሪዎች በሞተር ጩኸት ውስጥ እንዲነጋገሩበት ጆሮን ዙሪያውን የሚዘጋ ማዳመጫ ተሠራላቸው። ለሙዚቃ ያመጣው ጆን ኮስ ነው፤ በ1958 በሚልዋኪ ከተማ የስቴሪዮ ሄድፎን አቀረበ። በሐምሌ 1979 ሶኒ ዎክማንን ሲያወጣ ነገሩ ተገለበጠ። አብሮት የመጣው ማዳመጫ ቀላል፣ ስፖንጅ የለበሰና ክፍት ነበር። ለጆሮ ይመቻል፤ የመንገዱን ጫጫታ ግን አይከለክልም። ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ድምፁን ጨመረ።

የጥያቄያችሁ መልስ እዚህ ላይ ነው። ዝግ ሄድፎን የተፈለሰፈው ጫጫታን ውጭ ለማስቀረት ነው። ጫጫታው ከቀረ ዝቅ ባለ ድምፅ መስማት ይቻላል። ስለዚህ ጆሮን መሸፈኑ በራሱ ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው የድምፁ መጠንና የሚቆይበት ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ለተመሳሳይ ሰዓት ይፈቅዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 80 ለ40 ሰዓት ከሆነ 89 ለ5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ያውም በቀን ሳይሆን በሳምንት።

ምቾት የቅንጦት ጉዳይ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ። ዝግ ሄድፎን የሚሠራው ትራሱ ቆዳ ላይ ገጥሞ ሲቀመጥ ነው። የመነጽር ዘንግ፣ ሹሩባ፣ ሻሽ ወይም ለአዋቂ የተሠራ ሰፊ ሄድፎን በልጅ ትንሽ ጭንቅላት ላይ ሲሆን ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት ወፍራሙ ድምፅ ይወጣል፣ የውጭው ጫጫታ ይገባል። ሙዚቃው ሲሳሳበት ልጁ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በተቃራኒው በጣም ከጠበቀ ራስ ምታት ያመጣል፤ ልጁም አውልቆ ርካሿን ኤርፎን ይሰካል። ስትገዙ ልጁ ራሱ ያጥልቀው፣ መነጽር ካለው ከነመነጽሩ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያድርገው። ሲነቅል ቆዳው ላይ ጥልቅ ምልክት ከተወ ተዉት። ዋጋው ብዙ አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝግ መሆን ብቻውን ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይከለክላል እንጂ የሚኒባስ ሞተርን ወፍራም ጉርምርምታ ያሳልፋል። አማር ቦዝ በ1978 አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ያሰበው ይህንን ነበር፤ ከጫጫታው ጋር ተቃራኒ የሆነ ድምፅ አመንጭቶ ማጥፋት። ኩባንያው ለአብራሪዎች ያወጣው በ1989 ነው። ዛሬ «ኖይዝ ካንስሊንግ» የሚባለው ይኸው ነው፤ አቅም ከፈቀደ ለተጓዥ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጫጫታን የሚዘጋ የባጃጅ ጡሩንባንም ይዘጋል። በወለቃ አስፋልት ዳር ለሚመላለስ ተማሪ መንገድ ላይ ሲሆን ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ይውረድ።

ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ እስኪታከም ድረስ ምንም ዓይነት ኤርፎን አይሰካ፤ ቅቤም ዘይትም አታድርጉበት። ሄድፎን ካወለቀ በኋላ ጆሮው የሚጮህበት ወይም የሚደፈንበት ከሆነ ድምፁ ከልክ አልፎ እንደነበር ምልክት ነው፤ በማግስቱም ካልተወው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከጠፋ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።