ስለ ምላጭና ስለ ሠሪው

የታሪክ ጸሓፊዎች ስለ ሰይፍና ስለ ጦር፣ ስለ ነገሥታትም ዘውድ እጅግ ጽፈዋል፤ ስለ ምላጭ ግን የጻፈ ጥቂት ነው። ሰይፍ ከአፎቱ የሚወጣው በጠብ ቀን ነው፤ ምላጭ ግን ከሕፃንነት ዠምሮ እስከ ኀዘን ቀን ድረስ ከሰው ራስ ሳይለይ ኖሯል። ስለዚህ የዚህን ትንሽ ብረት ነገር የመረመረ ሰው የቀጥቃጩንም ድካምና ያገኘውን ዋጋ ያውቃል።

ስሙ ከግእዝ የወረደ ነው። የግእዙ ሐፀየ በአማርኛ አጨ እንደ ተባለ፣ ላጸየም ላጨ ተባለ፤ መሣሪያውም በግእዝ መላጼ፣ በአማርኛ ምላጭ ሆነ። በቅዱሳት መጻሕፍትም ሥራው ልዩ ልዩ ነው። ዮሴፍ ከግዞት ቤት ወጥቶ ወደ ፈርዖን ፊት የገባው ተላጭቶና ልብሱን ለውጦ ነው፤ ናዝራዊ ግን የስእለቱ ወራት እስኪፈጸም ምላጭ በራሱ ላይ አይደርስም ነበር፤ ሶምሶንም ኀይሉን ያጣው ሰባቱን ጕንጕን በተላጨ ጊዜ ነው። እንግዲህ አንዱ ብረት ለአንዱ የክብር መግቢያ፣ ለሌላው የስእለት ማፍረሻ ሆኖ ተገኘ።

በአውሮፓ አገር ምላጭ ከሁሉ ይልቅ የጢም መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዲድስቅልያ ጢምን ከማጥፋት ስለሚከለክል፣ ካህናቱም ራሳቸውን ተላጭተው ሲጠመጥሙ ጢማቸውን ስለሚያሳድጉ፣ የምላጭ ዋና ሥራው በራስ ላይ ሆነ። ለሕፃን ቍንጮ ይተውለታል፤ ለልጃገረድ መኻል ራሷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል፤ እርሷም ሳዱላ ትባላለች። ስታገባም ጠጕሯ እንዲያድግ ይተዋል። ዘመድ ሲሞት ደግሞ ወንዱም ሴቱም ራሱን ይላጭ ነበር፤ ኦሪት ዘዳግም ስለ ሞተ ሰው መላጨትን ቢከለክልም ልማዱ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖረ። እንዲህ የሰው ዕድሜና ማዕርግ፣ ደስታና ኀዘን በራሱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ጽሕፈቱን የጻፈው ብርዕም ምላጭ ነው።

ይህን ምላጭ በአገው ምድር እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ የሚሠራው ቀጥቃጭ ነበር። ብረቱን በወናፍ እሳት ያግላል፤ በመስፍ ላይ አኑሮ በመዶሻ ያሳሳል፤ ጀርባውን ወፍራም፣ አፉን ስስ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ግሎ ሳለ ውኃ ያጠጣዋል፤ ውኃው ቢያንስ ስለቱ ይለዝባል፣ ቢበዛም ይሰበራል፤ ይህንም የሚለየው በብረቱ መልክ ነው እንጂ በመለኪያ አይደለም። በመጨረሻም በለስላሳ ድንጋይ ይስለዋል። ላጩም የሚላጨውን ሰው ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ጠጕሩን በውኃ አርሶ ያሸዋል፤ በግራ እጁ ቆዳውን ወጥሮ በቀኙ ይላጨዋል። ከተላጨም በኋላ ራሱ ቅቤ ይቀባል። ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓመተ ምሕረት የግዮንን ምንጭ ለማየት በመጣ ጊዜ፣ አገዎች ቅቤና ማር፣ ሰምና ቆዳ ወደ ጐንደር ከተማ እንደሚያቀርቡ ጽፏል።

ነገር ግን ለራሱ ምላጭ፣ ለእርሻውም ማረሻ የሚፈልገው ሰው ሁሉ ሠሪውን ቀጥቃጭና ቡዳ እያለ ይሰድበው፣ በጋብቻም ይርቀው ነበር። በቀጥቃጩ ስለት ሥር ራሱን ዝቅ ያላደረገ ጌታ አልነበረም፤ ቀጥቃጩን ግን ከማዕዱ ያቀረበ ጥቂት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ተመልክተው በ1900 ዓመተ ምሕረት አዋጅ አወጡ፤ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቈጥሮ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን የልብን ልማድ እንደ ጠጕር በአንድ ቀን መላጨት አይቻልምና ስድቡ ከአዋጁም በኋላ ቈየ።

ጠላት ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን ደግሞ የምላጭ ዝምታ ራሱ ነገር ሆነ። ብዙዎች አርበኞች አገራቸው ነጻ ሳትወጣ ጠጕራቸውን ላለመቍረጥ ቈርጠው፣ ጐፈሬያቸውን እንደ ናዝራዊ አሳድገው በዱር ኖሩ። በዳንግላም አካባቢ በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ የሚመሩት ሲዋጉ ቈዩ። በ1933 ዓመተ ምሕረት ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ድንበሩን ተሻገሩ፤ በየካቲትም ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ።

በዚሁ መካከል ከባሕር ማዶ ሌላ ምላጭ ተነሥቶ ነበር። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ተጥሎ የሚለወጥ ስስ ምላጭ አሰበ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ሽያጭ ሲዠምር ግን በዓመቱ 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ተሸጠለት። ኋላ ግን ዓለምን መላ። ወደ ኢትዮጵያም በደረሰ ጊዜ የአባቱን ስም ወረሰ፤ ዛሬ ምላጭ ቢባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በወረቀት የተጠቀለለውን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤድስ በአገሩ ከታወቀ ወዲህ፣ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው እንዳይሆን ስለ ተመከረ፣ በቤት ተስሎ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚያገለግለው ብረት ይበልጥ ተተወ። ይህም ለጤና የሚገባ ነው።

የቀጥቃጩ ምላጭ ቢያልፍ እንግዲህ የሚያሳዝን ብረቱ አይደለም፤ ሠሪው ምስጋናውን ሳይቀበል ማለፉ ነው። ወናፉ ግን አልጠፋም፤ ማረሻና ማጭድ ዛሬም ከእርሱ ይወጣል። ስለዚህ ለአባቱ ያልተከፈለውን ክብር ለልጁ መክፈል ገና ይቻላል፤ በእጁ ሥራ የሚኖርን ሰው የሚንቅም ራሱን ቢዳብስ፣ አባቶቹ ለማን እጅ ሥራ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደ ነበር ያስታውሳል።