ካርቦን ወይስ ሜታል ፊልም? የፈዝ ፔዳል ሬዚስተሮች ታሪክ

በቤታቸው የጊታር ፔዳል በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ የ1960ዎቹን የፈዝ ድምፅ (ጎርናና የጊታር ድምፅ) የሚፈልግ ሰው የዘመኑን ካርቦን ኮምፖዚሽን ሬዚስተር መጠቀም አለበት ይባላል። ታሪኩን ከሥሩ ስንመረምረው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1928 የቤል ላቦራቶሪው ጆን ጆንሰንና የኤቲ ኤንድ ቲው ሃሪ ናይኲስት ጥናቶቻቸውን በአንድ መጽሔት አወጡ። ጆንሰን ለክቶ ያገኘውን ናይኲስት በስሌት አስረዳ፦ ማንኛውም ሬዚስተር ኮረንት ባያልፍበትም እንኳ ከሙቀቱ የተነሣ ጫጫታ ያመነጫል። በክፍል ሙቀት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ20 ኪሎ ኸርዝ ስፋት 1.8 ማይክሮ ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ባለ 1 ሜጋ ኦሙ ደግሞ ዐሥር እጥፍ። እዚህ ላይ ካርቦንና ብረት ልዩነት የላቸውም።

ልዩነቱ የሚታየው ኮረንት ሲያልፍ ነው። ካርቦን ኮምፖዚሽን የካርቦን ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተጨምቆ የሚሠራ በመሆኑ፣ ኮረንቱ በቅንጣቶቹ መካከል ሲያልፍ ተጨማሪ ጫጫታ ይፈጥራል። በሴራሚክ ላይ በስሱ የተለበጠው ሜታል ፊልም በዚህ ረገድ እጅግ ጸጥተኛ ነው።

ወደ ፔዳሉ እንምጣ። በናሽቪል የዘፋኙ የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ወሪ» ሲቀረጽ፣ በተበላሸ ትራንስፎርመር ምክንያት የጊታሪስቱ የግሬዲ ማርቲን ባስ ጎርንኖ ተሰማ። ዘፈኑ በ1961 ወጣ። የቀረጻው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ያንን ድምፅ በትራንዚስተር ለማስገኘት ከሬቪስ ሆብስ ጋር ሠራ፤ ጊብሰንም በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው። ሦስት የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ያሉት ይህ ፔዳል የሚሠራው በ3 ቮልት ባትሪ ነበር። ካርቦን ኮምፖዚሽን በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ውስጥ ሁሉ የሚገኝ ተራ ዕቃ እንጂ ለፈዝ ድምፅ ተብሎ የተለየ አልነበረም።

የካርቦን ኮምፖዚሽን የኦም መጠን በላዩ ባለው ቮልቴጅ በጥቂቱ ይለዋወጣል፤ ይህን ግን ጆሮ ሊለየው የሚችለው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት በሚሠራ የቱቦ ማጉያ ነው እንጂ በ3 ወይም በ9 ቮልት በሚሠራ ፔዳል አይደለም። ድምፁን የሚሠሩት ትራንዚስተሮቹና የሬዚስተሮቹ መጠን ናቸው። በ1966 ለንደን ውስጥ አርቢተር የተባለው ድርጅት ባወጣው ፈዝ ፌስ በተባለው ፔዳል የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር 4.5 ቮልት አካባቢ እንዲቀመጥ ሠሪዎች ባለ 8.2 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር ይቀያይራሉ። ካርቦን ኮምፖዚሽን እስከ 10 ወይም 20 በመቶ ከተጻፈበት መጠን ሊርቅ ይችላል፤ እርጥበትና የመበየጃ ሙቀትም ያዛቡታል። ሁለት አሮጌ ፔዳሎች አንድ ዓይነት ሆነው የተለያየ ድምፅ ቢያወጡ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ፔዳል የሚሠራ ሰው ባለ 1 በመቶ፣ ሩብ ዋት ሜታል ፊልም ቢመርጥ የቀደሙትን አልከዳም። 9 ቮልት ሙሉ በሙሉ በ8.2 ኪሎ ኦም ላይ ቢያርፍ እንኳ ከ10 ሚሊ ዋት አይበልጥምና ሩብ ዋት ይበቃል። በተለይ ጫጫታው በተከታዮቹ ደረጃዎች በሚጎላበት በመግቢያው በኩል ጥቅሙ ይታያል። የአሮጌ ፔዳል ድምፅ የሚፈልግ ሰው የአሮጌውን ሬዚስተር ትክክለኛ ኦም ይለካ፤ ሊቀዳ የሚገባው ያ ቁጥር ነው።