የመመረቂያ ፊልም

የመመረቂያ ፊልም የፊልም፣ የቴአትር ወይም የጋዜጠኝነት ተማሪ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ ለምዘና የሚያቀርበው ሥራ ነው። አጭር ልብ ወለድ፣ ዘጋቢ ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ተማሪው ፊልሙን ለአማካሪውና ለገምጋሚዎች አሳይቶ ለጥያቄያቸው መልስ ይሰጣል።

ምዘና

በአብዛኛው የሚመዘኑት ታሪኩ፣ ቀረጻው፣ ድምፁና ቅንብሩ ናቸው። ሥራው በቡድን ሲሠራ ለሁሉም እኩል ነጥብ መስጠት ማን ምን እንደሠራ ይሸፍናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የድርሻውን ማስታወሻ ቢያቀርብ ፍትሐዊ ነው።

የኃይሌ ገሪማ የተማሪነት ሥራዎች

ከኢትዮጵያውያን የፊልም ተማሪዎች በስፋት የተመዘገበው የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ «አወር ግላስ» (1971) እና «ቻይልድ ኦቭ ሬዚስታንስ» (1972) የተባሉ ፊልሞችን ሠርተዋል። የመመረቂያ ሥራቸው እንደሆነ የሚነገረው «ቡሽ ማማ» ነው። የዚህ ፊልም ዓመት ከምንጭ ምንጭ ይለያያል፦ የተጠናቀቀበትን የሚይዙ 1975፣ ለሕዝብ የቀረበበትን የሚይዙ 1979 ይላሉ። ለተማሪ ሥራ የመጀመሪያው ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል። በመክፈቻው የሚታየው የፖሊስ ፍተሻ ድራማ አይደለም፤ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ኃይሌንና የቀረጻ ባልደረቦቻቸውን መንገድ ላይ ሲያስቆሙ የተቀረጸ እውነተኛ ምስል ነው። ድንገተኛውን ክስተት የፊልሙ መግቢያ ማድረግ በምዘና ቅጽ ላይ ቦታ የማያገኝ ችሎታ ነው። ፊልሙ በ2022 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ተካቷል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ንም ኃይሌ በ1974 ኢትዮጵያ መጥተው የቀረጹት ገና ተማሪ ሳሉ ነበር።

ለተመልካች ማቅረብ

በክፍል ውስጥ የታየ ፊልም ለሕዝብ ለመታየት ሌላ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ከ«ቡሽ ማማ» ካሜራ ባለሙያዎች አንዱ የነበሩት የቻርልስ በርኔት የመመረቂያ ሥራ የሆነው «ኪለር ኦቭ ሺፕ» ሲኒማ ቤቶች የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እስከዚያ የያዘው የሙዚቃዎቹ ፈቃድ ጉዳይ ነበር። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ፈቃድ የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

ጋሞ ዞን

በጋሞ ዞን የሚገኘው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የተመሠረተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው፤ የአካባቢው የተማሪ ፊልም ታሪክ በሰፊው አልተጻፈም። ለዘጋቢ ፊልም ግን የዶርዜ ሸማኔ፣ የዓባያ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪና የምዕራብ ዓባያ ሙዝ አምራች ሰፊ ርዕስ ናቸው። ባለታሪኩ በጋሞኛ ሲናገር የአማርኛ ትርጉም ከምስሉ ግርጌ ይገባል። ትርጉሙን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያየው ነጥብ መስጠት አይገባም።